የሾቶካን ካራቴ ታሪክና የመምህራን ሐረግ፦ ለሠልጣኞችና ለወላጆች የቀረበ መረጃ

ሾቶካን በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሰጡ የካራቴ ስልቶች አንዱ ነው። ሥሩ በኦኪናዋ ደሴት፣ ስያሜው ደግሞ በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ይህ ጽሑፍ የስልቱን አመጣጥ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈበትን ሐረግ፣ እንዲሁም ሠልጣኞችና ወላጆች ይህን ታሪክ ማወቃቸው በምዝገባና በማዕረግ ማረጋገጫ ጊዜ የሚሰጣቸውን ጥቅም ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመምህራን ሐረግ ምንድን ነው?

በመርካቶ የገበያ ሥርዓት እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው። በርበሬ ተራ የገባ ሸማች ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በርበሬው የማረቆ ነው ወይስ የአላባ ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ የመጣበት ስፍራ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር አለና። ለካራቴም የሚቀርበው ተመሳሳይ ጥያቄ «ይህ ትምህርት ከማን የመጣ ነው?» የሚል ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች የቅኔ መምህር የዋሸራ፣ የጎንጅ ወይም የዋድላ ቤት ተማሪ መሆኑ ይጠየቃል። የድጓ መምህር ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከሩ የሚታወቅ ሥርዓት ነው። በእስልምና ትምህርትም ሼኹ ለደረሳው የሚሰጠው ኢጃዛ ዕውቀቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰንሰለት አለው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በአቅራቢያ በሚገኙባት በመርካቶ ሁለቱም ልማዶች የታወቁ ናቸው። የካራቴ የመምህራን ሐረግም የሥጋ ዝምድና ሳይሆን እንዲህ ያለ የትምህርት ዝምድና ነው።

መነሻው፦ የኦኪናዋ ደሴት

ኦኪናዋ ዛሬ የጃፓን አካል ትሁን እንጂ እስከ 1879 ድረስ የርዩክዩ መንግሥት ማዕከል ነበረች። ይህ ንጉሣዊ መንግሥት ከቻይና ጋር ለረጅም ዘመናት የንግድና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ነበረው። በ1609 የጃፓን የሳትሱማ ጦር ደሴቶቹን ከያዘ በኋላም ነገሥታቱ በሳትሱማ የበላይነት ሥር ሆነው ከቻይና ጋር መገናኘታቸውን ቀጥለዋል። ከአገሬው የቆየ የእጅ ፍልሚያና ከቻይና ከመጡ ስልቶች መገናኘት የተወለደው ጥበብ በአገሬው «ቴ»፣ ማለትም «እጅ» ይባል ነበር።

ጥበቡ በሦስት አጎራባች ስፍራዎች ስም ይለይ ነበር። እነርሱም የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ ሹሪ፣ የወደብና የንግድ ከተማዋ ናሃ፣ እንዲሁም ቶማሪ ናቸው። ሾቶካን በዋናነት የሚመዘዘው ከሹሪ ነው። በሐረጉ ራስ ላይ በአብዛኛው የሚጠቀሱት የርዩክዩ ነገሥታት ጠባቂ የነበሩት ሶኮን ማትሱሙራ ናቸው። ከማትሱሙራ ከተማሩት መካከል አንኮ ኢቶሱ እና አንኮ አሳቶ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ኋላ የሾቶካን መሥራች መምህራን ሆነዋል።

ከምስጢር ወደ ትምህርት ቤት

በዚያ ዘመን ጥበቡ የሚሰጠው ለጥቂት ደቀ መዛሙርት፣ ብዙውን ጊዜም በምስጢር ነበር። ይህን የለወጡት አንኮ ኢቶሱ (1831–1915) ናቸው። ኢቶሱ በ1901 ካራቴ በሹሪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረጉ። በ1908 ደግሞ የትምህርቱን ጠቀሜታ በአሥር ነጥቦች የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፈው ለባለሥልጣናት አቀረቡ። ለልጆች እንዲመጥን ብለውም «ፒናን» የተባሉ አምስት ካታዎችን አዘጋጁ። ካታ ማለት ሠልጣኙ ለብቻው፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚፈጽመው የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ውሳኔ ዛሬም ድረስ ውጤቱ ይታያል። አንድ የሾቶካን ጀማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ካታዎች ዋነኞቹ እነዚያ ለትምህርት ቤት ልጆች የተሰናዱት አምስቱ ናቸው። ስለዚህ ካራቴ ገና ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሕፃናትን በሥርዓት ለማስተማር የተስተካከለ ትምህርት እንደነበረ መገንዘብ ይቻላል።

ጊቺን ፉናኮሺ

የሾቶካን መሥራች የሚባሉት ጊቺን ፉናኮሺ በ1868 በሹሪ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጤናቸው ደካማ ነበር። ሙያቸው መምህርነት ሲሆን፣ ካራቴን ከአሳቶና ከኢቶሱ ተምረዋል። በ1922 በጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት በቶኪዮ በተዘጋጀ የአካል ማጎልመሻ ዐውደ ርእይ ላይ የኦኪናዋን ጥበብ እንዲያሳዩ ተመረጡ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር።

ትዕይንቱ ካበቃ በኋላ የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ወደ ማሠልጠኛቸው ጋብዘዋቸው ጥበቡን በዚያም አሳይተዋል። ፉናኮሺ ወደ ደሴታቸው ከመመለስ ይልቅ በቶኪዮ ቀርተው ለማስተማር ወሰኑ። ኑሯቸው ቀላል አልነበረም። የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያርፉበት መኖሪያ ቤት ውስጥ ግቢ እየጠረጉና ጥበቃ እየሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ካራቴ ያስተምሩ ነበር። በ1924 በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የካራቴ ክበብ ተቋቋመ፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ።

በዚያው ዓመት ፉናኮሺ ለመጀመሪያ ጊዜ የ«ዳን» ማዕረግ ለተማሪዎቻቸው ሰጡ። የማዕረግና የቀበቶ ሥርዓቱን የወሰዱት ካኖ ለጁዶ ካዘጋጁት ነው። በሌላ አነጋገር ጥቁር ቀበቶ ከጥንታዊው የኦኪናዋ ጥበብ ጋር አብሮ የኖረ ሳይሆን በ1920ዎቹ ወደ ካራቴ የገባ ነው። የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ በጃፓንኛ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙም «የመጀመሪያ ደረጃ» ማለት ነው። ስያሜው እንደሚያመለክተው ባለ ጥቁር ቀበቶ መሆን መሠረታዊውን ትምህርት ማጠናቀቅ ነው እንጂ የትምህርቱ ፍጻሜ አይደለም።

የስሞች ለውጥ

«ካራቴ» የሚለው ቃል ቀድሞ «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም በሚሰጡ ፊደላት ይጻፍ ነበር። «ካራ» የሚለው ድምፅ «ባዶ» የሚል ትርጉም ባለው ሌላ ፊደልም ሊጻፍ ስለሚችል፣ ፉናኮሺ «ባዶ እጅ» የሚለውን አጻጻፍ አስፋፉ። በጥቅምት 1936 በናሃ የተሰበሰቡ የኦኪናዋ መምህራንም ይህንኑ አጻጻፍ ተቀበሉ። የኦኪናዋ አስተዳደር ያንን ስብሰባ ለማስታወስ ኦክቶበር 25 ቀን «የካራቴ ቀን» ሆኖ እንዲከበር በ2005 ወስኗል።

ፉናኮሺ የካታዎችንም ስም ለጃፓን ተማሪዎች ጆሮ በሚስማማ መልኩ ቀይረዋል። «ፒናን» የተባሉት አምስቱ «ሄይያን» ተባሉ፤ «ናይሃንቺ» «ቴኪ»፣ «ኩሻንኩ» ደግሞ «ካንኩ» ሆነ። ከአምስቱ የመጀመሪያውና ሁለተኛውም ቦታ ተለዋወጡ። በዚህ ምክንያት በአንድ ማሠልጠኛ «የመጀመሪያው» የሚባለው ካታ በሌላው «ሁለተኛው» ሊባል ይችላል። ልዩነቱ የሐረግ እንጂ የስሕተት አይደለም።

«ሾቶካን» የሚለው ስያሜ

ፉናኮሺ ግጥም ሲጽፉ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም «ሾቶ» ነበር፤ ትርጉሙም ነፋስ በጥድ ዛፎች መካከል ሲነፍስ የሚያሰማው ማዕበል መሰል ድምፅ ማለት ነው። «ካን» ደግሞ ቤት ወይም አዳራሽ ማለት ነው። ተማሪዎቻቸው በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቶኪዮ ማሠልጠኛ ሲያሠሩላቸው በር ላይ «ሾቶካን»፣ ማለትም «የሾቶ ቤት» ተብሎ ተጻፈበት። የሾቶካን መለያ የሆነውን የነብር ሥዕል የሣሉት የፉናኮሺ ወዳጅ የነበሩት ሠዓሊ ሆአን ኮሱጊ ናቸው።

ስሙ በመጀመሪያ የሕንፃ እንጂ የስልት ስም አልነበረም። ፉናኮሺ ካራቴ አንድ ነው የሚል አቋም ስለነበራቸው ለትምህርታቸው የተለየ የስልት ስም መስጠት አልፈለጉም። የኋላ ሰዎች ግን ትምህርቱን በቤቱ ስም ጠሩት። ቤቱ ራሱ በ1945 በቶኪዮ ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ወደመ። በዚያው ዓመት ረጅምና ዝቅ ያለውን አቋቋም በማዳበር የሚታወቁት ልጃቸው ጊጎ ፉናኮሺ በሕመም አረፉ። ሕንፃው ቢጠፋም ስሙ በደቀ መዛሙርቱ ቀጠለ።

ከጦርነቱ በኋላ የተፈጠሩ ቅርንጫፎች

የፉናኮሺ ተማሪዎች በ1949 የጃፓን ካራቴ ማኅበርን መሠረቱ። የማኅበሩ ዋና አሠልጣኝ የሆኑት ማሳቶሺ ናካያማ (1913–1987) ትምህርቱን በደረጃ ከፋፍለው አደራጁ፤ ለአሠልጣኞችም የተለየ የሥልጠና መርሐ ግብር ተጀመረ። ከዚህ መርሐ ግብር የወጡ አሠልጣኞች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ሌሎች አህጉራት ተልከዋል። ስልቱ በዓለም የተሠራጨው በአብዛኛው በእነርሱ አማካይነት ነው።

ፉናኮሺ በ1957 አረፉ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ የመጀመሪያውን የመላው ጃፓን ውድድር አካሄደ። ፉናኮሺ ግን ካራቴ ወደ ፍልሚያ ውድድር እንዲለወጥ አይደግፉም ነበር። ውድድርን በሚቀበሉና በማይቀበሉ ተማሪዎች መካከል የተፈጠረው ልዩነት ሐረጉን ለሁለት ከፈለው፤ በሽገሩ ኤጋሚ የሚመራው ወገን «ሾቶካይ» በሚል ስም የውድድር የሌለበትን መንገድ ያዘ። ኋላም እንደ ሂሮካዙ ካናዛዋ (1931–2019) ያሉ ታዋቂ አሠልጣኞች ከማኅበሩ ወጥተው የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ድርጅት አቋቁመዋል።

ስለዚህ «ሾቶካን» የሚለው ስም ብቻውን የአንድ ድርጅት አባልነትን አያመለክትም። ሁለት አሠልጣኞች ሁለቱም በትክክል ሾቶካን እያስተማሩ የተለያዩ ድርጅቶች አባላት ሊሆኑ፣ የአንዱ የማዕረግ ማስረጃም በሌላው ዘንድ በቀጥታ ላይመዘገብ ይችላል።

ተዛማጅ ስልቶች

ከሾቶካን ጋር በአንድነት የጃፓን አራቱ ዋና ስልቶች የሚባሉት የሚከተሉት ናቸው።

ጎጁ-ርዩ፦ በቾጁን ሚያጊ (1888–1953) የተመሠረተ የናሃ ሐረግ ነው። የሚያጊ መምህር ካንርዮ ሂጋኦና በቻይና የፉጂያን ግዛት የተማሩ ናቸው። የፒናን ካታዎች በዚህ ስልት ውስጥ የሉም፤ መለያው ከጥልቅ አተነፋፈስ ጋር የሚሠራው «ሳንቺን» የተባለው ካታ ነው።

ሺቶ-ርዩ፦ በኬንዋ ማቡኒ (1889–1952) የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙ የተገኘው ከሁለቱ መምህራን ከኢቶሱና ከሂጋኦና ስም ፊደላት ነው። ስለዚህ የሹሪንና የናሃን ሐረግ ያጣምራል።

ዋዶ-ርዩ፦ መሥራቹ የፉናኮሺ ተማሪ የነበሩት ሂሮኖሪ ኦትሱካ (1892–1982) ናቸው። ካራቴን ቀድሞ ከተማሩት ጁጁትሱ ጋር አዋሕደዋል።

በአዲስ አበባ በስፋት የሚታወቀው ቴኳንዶም ከዚህ ሐረግ ጋር የሚገናኝበት ታሪክ አለው። የኮሪያው «ቹንግ ዶ ክዋን» ማሠልጠኛ መሥራች ዎን ኩክ ሊ የፉናኮሺ ተማሪ ነበሩ፤ ቴኳንዶ የሚለውን ስያሜ በማስፋፋት የሚታወቁት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂም በጃፓን ሳሉ ካራቴ ተምረዋል። ይሁን እንጂ ቴኳንዶ ዛሬ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ማዕረግና የራሱ ዓለም አቀፍ አካላት ያሉት ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። የአንዱ ቀበቶ በሌላው ቦታ አያገለግልም።

ኢትዮጵያ፣ ቶኪዮና ቡዶካን

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ሲጎበኙ፣ ፉናኮሺ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን በመትከል ላይ ነበሩ። በ1964 ሻምበል አበበ ቢቂላ የማራቶን ድሉን በደገመበት የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ፤ ለዚሁም «ኒፖን ቡዶካን» የተባለው አዳራሽ ተሠራ። የመጀመሪያው የዓለም የካራቴ ሻምፒዮና በ1970 የተካሄደው በዚሁ አዳራሽ ነው። ከ57 ዓመታት በኋላ፣ በነሐሴ 2021 ቶኪዮ እንደገና ኦሎምፒክን ስታስተናግድ፣ ካራቴ በዚያው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ተሰጠበት። በ2024 በፓሪስ በተካሄደው ኦሎምፒክ ግን ካራቴ አልተካተተም።

የኦሎምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች በካታና በ«ኩሚቴ»፣ ማለትም በጥንድ ፍልሚያ ይካሄዳሉ። ባህላዊ ሐረግን የሚከተል ማሠልጠኛ ውድድርን ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ሠልጣኙ ዓላማው ውድድር ከሆነ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠበቅበታል።

ለተገልጋዮች የሚሰጥ ማሳሰቢያ

ለቀበቶ ፈተና፣ ለዩኒፎርምና ለወርኃዊ ክፍያ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ከገንዘቡም በላይ ወላጅ ልጁን ለአሠልጣኙ በአደራ ይሰጣል። ስለሆነም ከመመዝገብ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅና ማረጋገጥ ይገባል።

1. የስልቱ ስም፦ ሾቶካን፣ ጎጁ-ርዩ ወይስ ሌላ? «ካራቴ» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይደለም።

2. የአሠልጣኙ መምህር፦ አሠልጣኙ ከማን ተማረ? የፈተነውና ማዕረጉን የሰጠው ማን ነው? ሐረጉን የሚያውቅ አሠልጣኝ ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።

3. የማዕረግ ማስረጃ፦ በማስረጃው ላይ የባለቤቱ ስም፣ የስልቱ ስም፣ የማዕረጉ ደረጃ፣ የሰጪው ድርጅትና ቀን ተጽፈው መገኘታቸውን መመልከት፣ ከዚያም ድርጅቱን በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። የቀበቶ ቀለም ማስረጃ አይደለም፤ ከጥቁር በታች ያሉ ቀለሞች ቅደም ተከተልም ከድርጅት ድርጅት ይለያያል።

4. የሥራ ፈቃድ፦ ማሠልጠኛው በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ መሆኑን ስፖርትን ከሚመለከተው የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

5. የትምህርቱ ይዘት፦ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ መመልከት ብዙ ያስረዳል። በሾቶካን ማሠልጠኛ የሄይያን ካታዎች ይሠራሉ። የስልቱ ስም ሾቶካን ተብሎ ካታዎቹ የሌላ ስልት ብቻ ከሆኑ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

6. የሕፃናት ደኅንነት፦ ወላጅ ሥልጠናውን እንዳይመለከት የሚከለከል ከሆነ፣ ወይም ጉዳት የደረሰበት ልጅ ሳያርፍ እንዲቀጥል የሚገደድ ከሆነ፣ የአሠልጣኙ ሐረግ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን ልጁን ከዚያ ማውጣት ይመረጣል።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሐረግ ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል እንጂ አሠልጣኙ በዛሬው ዕለት እንዴት እንደሚያስተምር አያረጋግጥም። ጥሩ ሐረግ ያለው ሰው ግዴለሽ አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል። ከታዋቂ ድርጅት ያልወጣ ሰውም ጠንቃቃና ሐቀኛ መምህር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው መምህር ግን የሌለውን ማዕረግ አለኝ አይልም። ሐረግ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲሆን፣ ጠባይና አያያዝ ደግሞ የመጨረሻው መለኪያ ነው።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። በመርካቶ አካባቢ ዛሬ የመጀመሪያውን የሄይያን ካታ የሚማር ልጅም ሐረጉን ወደ ኋላ ቢቆጥር ከሰባት ብዙም የማይርቅ ቁጥር ላይ ሊደርስ ይችላል፦ እርሱ፣ አሠልጣኙ፣ የአሠልጣኙ መምህር፣ ከዚያም ናካያማ፣ ፉናኮሺ፣ ኢቶሱና ማትሱሙራ። ይህ ሰንሰለት አጭር በመሆኑ እያንዳንዱ ቀለበት ሊጠየቅና ሊረጋገጥ ይችላል።

ፉናኮሺ ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ያሳሰቡት ሁለት ነገር ነበር፤ ካራቴ በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ በአክብሮት ሰላምታ የሚያበቃ መሆኑን፣ እንዲሁም ካራቴ የተማረ ሰው ጠብ ቀድሞ የማይጀምር መሆኑን። ካማኩራ በሚገኘው የኤንጋኩ-ጂ ቤተ መቅደስ ግቢ በቆመው የመታሰቢያ ድንጋያቸው ላይ የተቀረጸውም ይኸው ሁለተኛው ሐሳብ ነው። ስለ ሐረግ የሚጠይቅ ወላጅ ልጁ ከምቱ ጋር ይህንንም ትምህርት እየተማረ መሆኑን አብሮ ሊጠይቅ ይገባል።